የእነ ይመር የዋልያ ተራ

ሰሚራ ከመጋረጃው ጀርባ ዘላ ወጥታ «ዋልያ!» ብላ ስትጮህ፣ ይመር የያዘውን ሻይ ደረቱ ላይ ደፋው።

እጁ ላይ ያለው የልብ ምት አምባር ወዲያው ቢጫ ሆነ። ሚስቱ ዘይነብ ዳቦዋን እያኘከች መጀመሪያ የባሏን አምባር አየች፣ ቀጥላ የራሷን። የሷ አረንጓዴ ነው። የእትዬ ብርቄም አረንጓዴ ነው። እትዬ ብርቄማ ቀና ብለውም አላዩ፤ የተቀቀለ እንቁላላቸውን መላጥ ቀጠሉ።

«አባ ወደቀ!» አለች ሰሚራ። «ዛሬም ወደቀ!»

«አልወደቅኩም። ሻዩ አቃጥሎኝ ነው።»

«ሻዩ ሳይፈስ ነው ቢጫ የሆንከው። አይቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ ግን የማን ወገን ነሽ?»

«የዋልያው።»

ተራቸው መድረሱ ከተነገራቸው ቀን ጀምሮ በእነ ይመር ቤት ቁርስ የሚበላው እንዲህ ነው። ዋልያ ከበር ኋላ ይወጣል፤ ዋልያ ከአልጋ ሥር ይወጣል። አንድ ቀን ሰሚራ የዋልያ ፎቶ ፍሪጅ ውስጥ ለጥፋ፣ ይመር ወተት ሊያወጣ ሲከፍት ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ያን ቀን አምባሩ ቢጫ እንደሆነ ምሳ ሰዓት ደረሰ።

ደንቡ ቀላል ነው። ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ቤተሰብ አንድ መኪና ይሰጠዋል። መኪናው የተሳፋሪዎቹን የልብ ምት አንድ ላይ ደምሮ፣ መልሶ ለሁሉም አካፍሎ፣ የቤተሰቡን ልብ ያወጣል። የቤተሰቡ ልብ ከቢጫ አልፎ ቀይ ከሆነ መኪናው ፊቱን አዙሮ ይመለሳል፤ እንስሳቱ ከሰው ሁካታ መጠበቅ አለባቸው። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ተራ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሰሚራ በዚህ ተራ ዋልያ ካላየች አላየችም ማለት ነው። አድጋ፣ ተድራ፣ የራሷን ቤት ብትሠራ እንኳ የምትቆጠረው በእነ ይመር ተራ ነው።

ይመር ቀን ከሌት የሚያስበው ይህንኑ ነው። ልጁ መናገር ስትጀምር «ውሃ» ካለች በኋላ ያለችው «ዋያ» ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ ዋልያ አለ፤ የጥርስ ብሩሿ ላይ ዋልያ አለ፤ ይመር ፀጉር የሚያስተካክልበት ነጭ ጨርቅ ላይ ሳይቀር በእስክርቢቶ የሣለችው ዋልያ አለ፤ ደንበኛው ሲነሳ ቀንዱ አንገቱ ላይ ታትሞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ እንደሆነ ደግሞ ይመር ያውቃል። ራሱ ነው።

ዘመኑ የእርጋታ ነው። የኳስ ጨዋታ የሚታየው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ጎል ሊገባ ሲል ደግሞ «አሁን ጎል ይገባል፣ ይዘጋጁ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ እንግዳው ሁሉ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው በረጅሙ ይተነፍሳል። ለቅሶ ቤትም እንደዚያው። ማንም ማንንም አልከለከለም። አምባሩ ቢጫ ሲሆን ግን አጠገብ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋል። ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ይመርን በስሙ ብቻ የሚጠራው የለም፤ ይመር ቢጫው ነው የሚባለው።

የሚያጽናናው ነገር እትዬ ብርቄ መኖራቸው ነው። አሳዳጊ አክስቱ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ከሞቱ ወዲህ አምባራቸው ከአረንጓዴ ተነቃንቆ አያውቅም። መሬት ቢንቀጠቀጥ አረንጓዴ፣ ጣሪያ ቢያፈስ አረንጓዴ። ከሠፈሩ ወደ ተራራው ለመሄድ የተዘጋጀ ቤተሰብ ሁሉ «እትዬ ብርቄን ያውሱን» እያለ ደጃቸውን ይጠና ነበር፤ የእሳቸው ልብ ሲደመር የሌላውን ሁሉ ልብ ወደ ታች ይጎትተዋላ። አክስት ግን በውሰት አይሰጥም ተብሎ ሁሉም ተመለሰ።

«አብሽር» ትለው ነበር ዘይነብ ማታ ማታ። «እትዬ እያሉልህ አንተ ምን ትፈራለህ? ብትፈነዳ እንኳ እሳቸው ያበርዱናል።»

*

ደባርቅ ሲደርሱ ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ አየሩ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሰሚራ ከባቡሩ ስትወርድ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለች።

«ቀስ!» አለቻት እናቷ። «ጉልበትሽን ሳይሆን ልብሽን ነው የምልሽ። ቆጥቢ።»

«ልቤ ተኝቷል እማ። ስሚው።»

ዘይነብ ጆሮዋን የልጇ ደረት ላይ አደረገች። «ወላሂ ከበሮ ነው» አለችና ሳቋን መያዝ አቃታት። የሷም አምባር ለአፍታ ቢጫ ሆነ። ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባልና ሚስቱ አረንጓዴው እሱ በመሆኑ ደረቱን ነፋ፤ በመንፋቱም ቢጫ ሆነ።

የበሩ ተቀባይ ግራጫ ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ናት። ደረቷ ላይ «ፋንታዬ» የሚል ስም ተለጥፏል። ድምፅዋ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ስትልም፣ «መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው» ስትልም ልዩነት የለውም። ንግግሯን ስትጨርስ ከጠረጴዛዋ ሥር ትንሽ ሳህን አወጣች። ሳህኑ ላይ ነጫጭ ክኒኖች ተደርድረዋል።

«ለሚፈልግ አዋቂ የእርጋታ ክኒን አለ። ለልጆች አይሰጥም። የሚመጡት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ይወስዱታል።»

«ታዲያ ከዋጡት በኋላ ይታያል ዋልያው?» አለ ይመር።

«በደንብ ይታያል ጋሼ። ከቀንዱ እስከ ሰኮናው ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ሲያዩትስ ምን ይላል ሰው?»

ፋንታዬ ትንሽ አሰበች። «ምሳ የት እንደሚበላ ይጠይቃል» አለች።

ይመር ጎረቤቱን ያሲንን አስታወሰ። ያሲን ባለፈው ክረምት ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ ነበር። በተመለሰ ማግሥት ይመር ወንበሩ ላይ አስቀምጦት፣ መቀሱን እንኳ ሳያነሳ፣ «በል ንገረኛ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ቢያፋጥጠው፣ ያሲን መስተዋቱ ውስጥ ራሱን እያየ «ቀንድ አለው» አለ። ይመር ቀጣዩን ጠበቀ። «ቡናማ ነው» ሲል ጨመረ ያሲን። ሌላ ነገር የለም።

«ከፈለግክ ውሰድ ይሜ» አለች ዘይነብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ አልፈርድብህም። ልጅቷ ትይ ብቻ።»

ይመር እትዬ ብርቄን አያቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። ወደ ተራራው ነው የሚያዩት። ክኒኑን አንድ ጊዜም አልተመለከቱትም፤ እሳቸው ምን ይሠራላቸዋል?

አንድ ክኒን አንስቶ በጡጫው ጨበጠ። አልዋጠውም። አልጣለውምም።

*

መኪናው እንደ ብርጭቆ ዙሪያውን ወለል ብሎ የሚያሳይ ነው፤ ሹፌር የለውም። ጣሪያው ላይ ክብ መብራት አለ፤ አረንጓዴ። ድምፅ ሳያሰማ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሰሚራ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በትንፋሿ አደበዘዘችው።

መጀመሪያ ያዩት ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ነው። ሜዳውን ሞልተው ቁጭ ብለዋል። ወንዶቹ ጎፈራቸውን ነፋስ እያበጠረው፣ ቀይ ደረታቸውን ገልጠው፣ ሣር ይነጫሉ። እያንዳንዳቸው አንገት ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። አንዱም ቀና አላለም፤ ግልገሎቹም አይራወጡም። መኪናው በመካከላቸው ሲያልፍ ለአሮጌ ጎረቤት መንገድ እንደሚለቁ ሁሉ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ብቻ አሉ።

«ያ! ያ! ያኛው ልክ እንደ አባ ነው ራሱን የሚያከው!» ሰሚራ እግሮቿ ወለሉን መምታት ጀመሩ።

የጣሪያው መብራት ቢጫ ሆነ።

«አንቺ!» አለች ዘይነብ።

ሰሚራ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አይታወቅም። «እማ፣ አልቻልኩም። እናንተ ተረጋጉልኝ። ተደምሮ የሚካፈል አይደል? እናንተ ከቀነሳችሁ እኔ ትንሽ ደስ ሊለኝ ይችላል።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ይህ የልጅ ሒሳብ ልክ ነው።

ዘይነብ ዓይኗን ጨፍና ያልተተኮሰ ልብስ ማሰብ ጀመረች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ፣ አንሶላ። ይመር ደግሞ መላጣ ደንበኛውን አቶ ጣሰውን አሰበ፤ በየሳምንቱ መጥተው የሌለ ፀጉራቸውን «ከጎን ብቻ አሳንሰው» የሚሉትን። ራሰ በራቸው ላይ ቀስ ብሎ በሐሳቡ ተመላለሰ። መብራቱ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ።

«አገኛችሁት!» ሰሚራ በእጆቿ አፏን አፍና ሳቀች። «በሉ ያዙት፣ ያዙት፤ አሁን ወፍ እያየሁ ነው!»

እንዲህ እያሉ ወጡ። ሰሚራ ስትደሰት እነሱ ይቀንሱላታል፤ እሷ ስታርፍ እነሱም ይተነፍሳሉ። ይመር ከልጁ ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። አንድ ትልቅ ክንፍ ያለው አጥንት ሰባሪ አሞራ ከበላያቸው ሲንሳፈፍ ዘይነብ ሙሉ ቁም ሣጥን በሐሳቧ ተኮሰች። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እንደ ዘበኛ ተደርድረው በሚቆሙበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጉም መጥቶ ዋጣቸውና ሁሉም በየፊናው አረፈ።

ያን ጊዜ ነው ይመር የእትዬ ብርቄን እጅ ያየው። የወንበሩን ጠርዝ አንቀው ይዘዋል። ጣቶቻቸው ነጥተዋል።

«በረደዎት እትዬ?»

«አልበረደኝም» አሉ። «ወደፊት እይ።»

*

ጨነቅ የሚባለው ቦታ ሲደርሱ ጉሙ ተከፈተ።

መሬቱ እዚያው ፊታቸው አለቀ። ሣሩ እስከ ጠርዙ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ ነው። እጅግ ወደ ታች ሌሎች ተራሮች እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ተዘርግተዋል። ጠርዙ ላይ ሦስት ዋልያዎች አሉ። ሁለቱ ተኝተው ያመሰኳሉ። ሦስተኛው፣ ጢሙ የተንዠረገገው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ የደረሰው፣ ቆሟል።

መኪናው ቆመ።

ሰሚራ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «እውነተኛ ነው?» አለች።

«እውነተኛ ነው» አለ ይመር። ልጁን ከጎን አያት፤ አፏ ተከፍቷል፤ ዋልያው ዓይኗ ውስጥ በትንሹ ይታያል። አቶ ጣሰውን ጠራ፤ አቶ ጣሰው አልመጡም። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ዘይነብ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቢጫው ግን እየደመቀ ብርቱካን መሰለ።

«እባካችሁ ተረጋጉ» አለ መኪናው በለስላሳ ድምፅ። «ወደ ገደቡ እየተጠጋችሁ ነው።»

«አባ» አለች ሰሚራ ዓይኗን ከዋልያው ሳትነቅል። «አባ፣ እባክህ። ገና አሁን እኮ ነው።»

ይመር እሱ መሆኑን ያውቃል። ጡጫውን ወደ አፉ አነሳ። ይዋጠው፤ ቀንድ አለው ይበል፤ ቡናማ ነው ይበል፤ ልጁ ከጠገበች እሱ ምን ቀረበት? ጣቶቹን መፍታት ጀመረ።

«እልልልልልልልልል!»

ሰሚራ መኪናው የተሰበረ መሰላት። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ይመር ሰምቶ ያውቃል፤ ልጅ ሆኖ፣ የሆነ ሠርግ ላይ፣ በሰው እግር መካከል ቆሞ። ዞሮ አየ። እትዬ ብርቄ ብድግ ብለዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቋል፤ አገጫቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ጋርደው፣ ያንን የስንት ዓመት ድምፅ ይለቁታል።

«እልልልልልልልልል!»

መብራቱ ቀይ ሆነ።

«ጉብኝታችሁ ተጠናቋል» አለ መኪናው። «ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን።»

«እትዬ!» ጮኸች ዘይነብ። «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

ግን ያን ጊዜ ውጭ ሌላ ነገር ተጀመረ። የተኙት ሁለቱ ብድግ አሉ። የትልቁ አንገት ላይ ያለችው መብራት ቢጫ፣ ወዲያው ቀይ ሆነች። ቀና ብሎ ወደ መኪናው ተመለከተ፤ በቀጥታ ወደ እነሱ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ ሰማዩ ዘለለ፤ ሁለቱም አብረውት።

ጠርዙ ላይ ማንም የለም።

ዘይነብ ፊቷን ሸፈነች። ይመር «ገደልነው» አለ።

«አልሞተም!» ሰሚራ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ በግርጌ መስታወት ወደ ታች ታያለች። «አልሞተም አባ! ይኸው! ይኸው!»

ሁሉም ወለሉ ላይ ወደቁ። ገደሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ከሳህን የማይበልጥ ድንጋይ አለ፤ ዋልያው አራት እግሩን አንድ ላይ ሰብስቦ እሱ ላይ ቆሟል። ቆሟል ሲሉት የለም። በአየር ላይ ነው። ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጢሙ ወደ ላይ እየተመለሰ፣ ሌላ ድንጋይ ነካ፤ ድንጋዩ ተፈነቀለ፤ እሱ ግን አስቀድሞ ትቶት ሄዷል። ሁለቱም ከኋላው ናቸው። ጠጠሩ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ እነሱ ከጠጠሩ ይቀድማሉ። አንዱ በጎኑ ገደሉን ረግጦ እንደ ኳስ ነጠረና ማዶ ካለው ሰንጥቅ ላይ አረፈ።

«ሂድ!» ይመር እየጮኸ ነው። «ሂድ፣ ሂድ፣ የኔ አንበሳ! አየሽው? አየሽው ዘይኔ? በጎኑ!»

«ወላሂ ይበራል! ወላሂ!»

መኪናው በተለመደው ዝግታ ፊቱን አዞረ። እነሱ ከግርጌው ተነሥተው እየተራገጡ ወደ ኋላ መስታወት ሮጡ፤ ዘይነብ የይመርን ትከሻ፣ ሰሚራ የእናቷን ጀርባ ወጥታ። መጨረሻ ላይ የሚታየው ከጥልቁ የሚነሳ አቧራ ብቻ ነበር። አቧራውንም እየጮኹ አዩት።

ጉሙ ሲመለስ ሁሉም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ይመር መዳፉን ከፈተ፤ ክኒኑ በላቡ ቀልጦ ነጭ ሊጥ ሆኗል። ሱሪው ላይ ጠረገው።

«አጠፋሁባችሁ» አሉ እትዬ ብርቄ። እያለቀሱ ነው፤ እየሳቁም ነው። «ሰይድ ከሞተ ጀምሮ በየጠዋቱ አንዲት ክኒን እውጣለሁ። ልቤ መስሏችሁ ነበር፤ ልቤ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ግን እንደ ያሲን ቀንድ አለው ብዬ ልመለስ? አልሁና ተውኳት። እችላለሁ ብዬ ነበር ልጆቼ። አልቻልኩም።»

ሰሚራ ጭናቸው ላይ ወጣች። «እትዬ፣ ያ ድምፅ ምንድን ነው?»

«እልልታ ነዋ።»

«ለምንድን ነው የሚሆነው?»

«ደስ ሲል ነዋ። ሌላ ለምን ይሆናል?»

ሰሚራ ወደ ጉሙ አየችና፣ «ተራችን አለቀ አይደል?» አለች።

«አለቀ» አለ ይመር።

«ምንም አይደል» አለች። ወዲያው ምላሷን አውጥታ ማርገብገብ ጀመረች። የሚወጣላት እንደ ውሃ ቧንቧ መንተክተክ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ጉንጯን ይዘው «ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ምላስሽን ወደ ጎን» እያሉ እስከ ታች ወረዱ።

*

ፋንታዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የአራቱም አምባር ቀይ ነው። ሌሎች ተረኛ ቤተሰቦች በረድፍ ተቀምጠው፣ ሲያዩዋቸው ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። ፋንታዬ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻቸውና በዚያው ባንድ ዓይነት ድምፅዋ የሚባለውን አለች። የገደቡ መጣስ ተመዝግቧል። የቤተሰቡ ተራ ተዘግቷል። ሁለተኛ ዕድል የለም። እንስሳቱ ደንግጠዋል።

«ተጎዱ እንዴ የኔ እመቤት?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አልተጎዱም። ከገደሉ ሥር ሆነው ሣር እየበሉ ነው። መብራታቸውም አረንጓዴ ሆኗል።»

«ተመስገን።»

ፋንታዬ መናገሯን ጨርሳለች፤ ግን በሩን አልከፈተችላቸውም። ወደ ውጭ አንድ ጊዜ አየችና ይልቁንም በደንብ ገጠመችው።

«እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ በየቀኑ አያቸዋለሁ» አለች። «ወይ ተኝተው፣ ወይ ቆመው። የሚያስደነግጣቸው የለም። ነብሩም ሌላ ቦታ ተወስዷል።» በሩን በጀርባዋ ተደገፈችው። «ጩኸታችሁ በመኪናው ማይክ እስከዚህ ተሰማ። ዘለሉ?»

«ዘለሉ!» አሉ አራቱም ባንድ ላይ።

«እንዴት ነው ሲዘሉ?»

ይመር አፉን ከፈተ። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ለመላጣ ሰው እንኳ ስለ ፀጉር የሚያወራው አያጣም። «እንዴት ልበልሽ...» አለ፤ እጆቹን በአየር ላይ አወዛወዘ፤ ተዋቸው። ዘይነብም ሞከረች። «ወላሂ እኅቴ...» ብላ ቀረች።

ሰሚራ ጠረጴዛው ላይ ወጣች።

«መጀመሪያ እንዲህ ያይሻል» አለች፤ አንገቷን ሰግጋ ፋንታዬን ትኩር ብላ አየቻት። «ከዚያ ወደ ታች አያይም። ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ከጠረጴዛው ወደ አግዳሚ ወንበሩ፣ ከአግዳሚው ወደ መስኮቱ ደፍ፣ ከደፉ ወደ ወለሉ ዘለለች። አልበቃትም። «ይኼ አጭር ነው» ብላ የጓሮውን በር በርግዳ ወጣች። ከበሩ ውጭ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሁለት ሁለቱን፣ ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ወረደች፤ ሹሩባዋ ወደ ኋላ ተወርውሯል፤ ያ ያልተስተካከለ እልልታዋ ድንጋዩን እየመታ ይመለሳል።

ፋንታዬ እስከ መጀመሪያው ደረጃ ተከትላት ሄደች። እዚያ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች።

«ወደ ታች አትዪ!» ብላ ጮኸች ሰሚራ ከታች። «አንቺም ነይ!»

ፋንታዬ ጫማዋን አወለቀች።